ላብ አደር ወይስ ወዝ አደር

ሰሞኑን ልጄ ለትምህርት ቤት ሥራዋ የሙጫ ጠርሙስ ስትከፍት ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀውና፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ እማዬ እዚህ ሰው አገር፣ ፍሪድሊ ከሚባል ከተማ ካለው ፋብሪካ ስትመለስ በረዶ ያረፈበት ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ የምታስለው ሳል ጆሮዬ ላይ መጣ።

እማዬ ለሆስፒታል የሚሆን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በሙጫ ስታጣብቅ ትውል ነበር፤ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ቆማ። አባዬ ደግሞ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት እየቆረጠ፣ መኪና በማይመጣበት ሰዓት የእንግሊዝ ሠራተኞችን የትግል ታሪክ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ይተረጉም ነበር። እራት ላይ ማሽን ስለሰበሩት ሸማኔዎች፣ ሥራ አቁመው ወደብ ስለዘጉት ሠራተኞች ሲያወራ ዓይኑ ያበራ ነበር፤ አጠገቡ የምታስለውን ሴት ግን አያያትም ነበር።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ፋብሪካው ውስጥ ዩኒየን የሚሉት የሠራተኛ ማኅበር ይግባ አይግባ ተብሎ ቮት ሊደረግ ሆነ። አለቆቹ አበሾቹን ሴቶች «ዋ! ሥራችሁን እንዳታጡ» እያሉ ያስፈራሯቸው ነበር። እማዬ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሙጫውን ሽታ የሚያወጣ ማራገቢያ። «የእንግሊዙን ስትተነትን ትውል የለ፤ እስቲ ለእነዚህ ሴቶች ዩኒየን ምን እንደሆነ አስረዳልኝ» ብላ አባዬን ለመነችው። ለመነችው እኮ ነው የምላችሁ፣ ሰው ለምና የማታውቀው እማዬ!

እሑድ ዕለት ሆፕኪንስ ያለው አፓርታማችን በሴቶች ተሞላ። አባዬ ከረባት አስሮ፣ የተማሪነት ጓደኛውን ጋሽ ጥላሁንን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «የእንግሊዝ ላብ አደር…» ብሎ ከመጀመሩ ጋሽ ጥላሁን «ወዝ አደር በል!» አለው።

በቃ፣ አለቀ። ሁለቱም ቃል ያው ሠራተኛ ማለት ነው፤ ግን በአብዮቱ ጊዜ አንዱ ወገን አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይዞ ስንት ለጋ ልጅ ተረሽኖበታል። እነሱም የቀበሩትን ቀብረው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ያንኑ ጠብ ሳሎናችን ድረስ ተሸክመውት መጡ። «የልጆቹ ደም በእጅህ ነው!» «የማን እጅ ነው እሱ?» እየተባባሉ ሲደነፉ፣ እትዬ ዘይነባ የምትባል የወሎ ሴት «ወንድሞቼ፣ ዩኒየኑን ብንመርጥ ያባርሩናል ወይ? እሱን ንገሩን» ብላ ደጋግማ ጠየቀች፤ የሰማት የለም። ሻሿን አስተካክላ ተነሣች፣ ሌሎቹም ተከተሏት፤ እማዬም አንገቷን ደፍታ ጫማቸውን ታቀብላቸው ነበር። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ እነዚህ እኮ ዝሆንም አልነበሩም!

ሙቀቱ ሳይገባ ዩኒየኑ በጥቂት ድምፅ ወደቀ፤ ሳሎናችንን ሞልተው የነበሩት ሴቶች ቢመርጡት ይበቁት ነበር። ቅጠል ሲረግፍም እማዬ ያው ሙጫ ፊት ቆማ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ዓመታት።

ዛሬ አባዬና ጋሽ ጥላሁን ታርቀዋል፤ ሻይ እየጠጡ በዚያ እሑድ ይሳሳቃሉ። እማዬ አትስቅም፣ ትንፋሿ አይበቃትም፤ አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተሰክቷል፣ ያው ቀጭኑ ፕላስቲክ። ባለፈው ሳምንት አባዬ ሶፋው ላይ ከጎኗ ተቀምጦ፣ «ልጄ፣ መጽሐፉን ልጨርሰው ነው፤ የቱ ይሻላል ትያለሽ፣ ላብ አደር ወይስ ወዝ አደር?» አለኝ።

«እማዬን ጠይቃት» አልኩት።

እስካሁን አልጠየቃትም።