ማረሻው የእሱ፣ ዘሩ የእሷ

ፕላሲዳ እስፓንኛ መማር የጀመረችው ባሏ በሞተ በወሩ ነው። የባሏ ወንድም ኤውስታኪዮ «የወንድሜ መሬት የእኔ ነው፤ የማርሰው እኔ አይደለሁ?» እያለ በመንደሩ ማስወራት ጀምሯል። መሬት የሚመዘግበው ኢንጂነር ከከተማ ሲመጣ ደግሞ የመንደሩን ቋንቋ፣ ኬችዋን፣ አይሰማም። የሚያስተረጉምለት ያው ኤውስታኪዮ ነው።

ስለዚህ በጎቿን አስገብታ መምህርት ኖርማ ዘንድ ትሄዳለች። በኬችዋ «እሱ» እና «እሷ» አንድ ቃል ነው። በእስፓንኛ ግን ወንዱ «ኤል»፣ ሴቷ «ኤያ»። አንድ ቀን ቄሱን «ኤያ» ብላ ጠራቻቸው።

«ቀሚሳቸውን አይታ ነው፣ አትፍረዱባት!» አለች ጎረቤቷ ሩፊና። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ኢንጂነሩንስ ምን ልበለው?» አለች ፕላሲዳ።

«ኡስቴድ በይው እማማ፣ እርስዎ ማለት ነው። እንዳትረሺ» አለች መምህርቷ።

«እሱ አንቺ ካለኝስ?»

መምህርቷ ቃሉን በትልቁ ሰሌዳው ላይ ጻፈችላት።

ፕላሲዳ ሱፍ ስትፈትል እንዝርቷ በዞረ ቁጥር «ዮ፣ እኔ። ኤል፣ እሱ» እያለች ሦስት ወር ከረመች።

ኢንጂነሩ የመጣው ድንች በሚተከልበት ቀን፣ ወንፈሉ ማሳው ላይ እንዳለ ነው። ኤውስታኪዮ በእግር የሚረገጠውን ማረሻ ተደግፎ ቆሟል። ኢንጂነሩ መዝገቡን ገልጦ ወደ እሷ ዞረ።

«ይህን መሬት የሚያርሰው ማን ነው?»

ኤውስታኪዮ ሊያስተረጉም አፉን ሲከፍት በእጇ ከለከለችው። ጥያቄው ገብቷታል። «እኔ» ብትል ይበቃ ነበር። ግን በእነሱ አገር ሴት ማረሻ አትነካም፤ መሬቷም ዛሬ ጠዋት ያፈሰሱላትን ጠላ ጠጥታ እየሰማች ነው። በተከላ ቀን መሬት ላይ ቆሞ የሚዋሽ ሰው ምን ያበቅላል?

«ኤል» አለች፣ ኤውስታኪዮን በአገጯ እያሳየች።

ኤውስታኪዮ ፈገግ አለ። የኢንጂነሩ ብዕር ወደ ወረቀቱ ወረደ። ሩፊና ከሴቶቹ መሀል «ወይኔ፣ ምን ነካት!» ስትል ተሰማ።

«ኡስቴድ፣ ይቆዩ!» አለች ፕላሲዳ። ዘር የቋጠረችበትን ጨርቅ ፈትታ መሬት ላይ ዘረጋችው። ዘር ድንቹ ተንከባለለ፤ ጥቁሩ፣ ቀዩ፣ ጎርባጣው። «እሱ ይቆፍራል። እኔ ዘር። እሱን ይጠይቁ፤ ይህ ስሙ ማን?»

ኢንጂነሩ አንዱን አንስቶ ወደ ኤውስታኪዮ ዘረጋለት።

«ድንች ነዋ!» አለ ኤውስታኪዮ።

ሴቶቹ በሳቅ ተንፈራፈሩ። «ወንድ ዘር አይነካም፣ ይበሰብሳል!» አለች ሩፊና። «የእኔም ባል ሲበላው እንጂ አያውቀውም!»

ፕላሲዳ አልሳቀችም። አንድ በአንድ እያነሳች ስማቸውንና የሚተከሉበትን ቦታ ነገረችው። የነብር መዳፍ፣ ውርጭ ከሚመታው ድንጋይ አጠገብ። የላም ምላስ፣ ታች ውሃው ጋ። ልጣጩ አልላቀቅ የሚለው ምራት አስለቃሽ፣ መሀል ላይ። ዘሩን ሁሉ የተቀበለችው ከአማቷ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየመረጠች አኑራዋለች።

ኢንጂነሩ ኤውስታኪዮን አየው። «ያለ እሷ ዘር እዚህ ምን ትተክላለህ?»

ኤውስታኪዮ ማረሻውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ።

«ስምዎ ማነው እማማ?» አለ ኢንጂነሩ።

«ዮ» አለች ደረቷን ነክታ። «ፕላሲዳ ዋማን።»

መሬቱን በስሟ ሲጽፍ ዓይኗን ከብዕሩ አልነቀለችም። ኢንጂነሩ ቁልቁል ከወረደ በኋላ ኤውስታኪዮ ተጠጋት።

«ለከርሞ ማን እንደሚቆፍርልሽ አያለሁ!»

«አንተ ነሃ» አለችው። «ያንተስ ማሳ ከማን ዘር ሊያገኝ ነው? በል አሁን መሬቱን ክፈት፤ ዘሩ ፀሐይ ላይ ነው።»

ኤውስታኪዮ አጉረመረመ። ከዚያ እግሩን ማረሻው ላይ አሳረፈና ረገጠ።