መግሪብን የሚጠራ ስክሪን

መርሳ ላይ በሞባይል ጠጋኝ ቤት ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር የቀለጠ የብየዳ ሊድ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባና እግሬን ይይዘዋል። ትናንትም ያዘኝ። ጠጋኙ "ምን ፈልገህ ነው?" ሲለኝ ቻርጀር ብዬ ገዛሁ። እንዲህ የተገዙ አራት ቻርጀሮች ቤቴ አሉ።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ሥራዬን አብራኝ የምትሠራ የውርጌሳ ልጅ ነበረች። እወዳት ነበር፤ አልነገርኳትም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በላብራቶሪው መስኮት ስትገባ የእጇ እንሶስላና የሊዱ ጭስ ተቀላቅለው ይሸታሉ። የደስታ ሽታ የትኛው ነው ብትሉኝ ዛሬም እሱን ነው የምላችሁ።

የአባቷ ጆሮ ደክሞ ነበር። አስፋልት ዳር ባለች ሱቃቸው ብቻቸውን ሲውሉ አዛን አይሰማቸውም፤ በረመዷን የሚያፈጥሩት ማዶ የተቀመጠ ሰው እጅ ወደ አፉ ሲሄድ አይተው ነው። ሰዓት አላቸው፤ ገበያ ሲይዛቸው ግን ይረሱታል። "ለዓይን የሚጣራ ነገር እንሥራላቸው" አለችኝ፤ የሶላት ሰዓት ሲደርስ በርቶ ስሙን በአማርኛ የሚጽፍ ስክሪን፤ ፀሐይ ስትገባ፣ በማፍጠሪያው ሰዓት፣ መግሪብ የሚል። ረመዷን ሳይገባ መድረስ ነበረበት።

ሁለት ዓይነት ስክሪን ነበረን። ትንሹ ባለሁለት መስመር ነው፤ በውስጡ ያለው ቺፕ፣ ኮንትሮለሩ፣ የፈረንጅ ፊደል ብቻ ቢያውቅም የራሳችንን ስምንት ፊደል እንድንጨምርበት ይፈቅዳል። "መግሪብ ለማለት አራት ይበቃናል፤ በሳምንት እንጨርሰዋለን" አለች። የትልቁ ኮንትሮለር ግን ጭራሽ ፊደል አያውቅም፤ እያንዳንዱን ነጥብ በነጥብ ሥሎ መስጠት ያስፈልጋል። እኔ ለትልቁ ተሟገትኩ። "የትንሹን ጽሑፍ ያባትሽ ዓይን አይለየውም" አልኳት። ግማሹ እውነት ነበር። ሌላው ግማሽ፣ ትልቁ ብዙ ቀን አብሮ መቀመጥ ይፈልጋል።

ተቀመጥን። ባለካሬ ወረቀት ላይ ካሬውን በእርሳስ እያጠቆርን ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሣልን። ውጭ ባጃጁ ይንጫጫል፤ እሷ ምላሷን በጥርሷ መሃል ይዛ ታጠቁራለች። ስክሪኑን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ላይ ጭነን ስናበራው ፊደሎቹ በሙሉ በጎናቸው ተጋድመው ወጡ። "ተኝተዋል፤ ሲነቁ ጥራኝ" ብላ ሳቀች። እኛ በረድፍ፣ ወደ ጎን የሣልነውን ኮንትሮለሩ በዓምድ፣ ከላይ ወደ ታች ነበር የሚያነበው። ይህ ያኔውኑ ገብቶኛል። አልተናገርኩም። እሷ ሽቦውን ስትፈትሽ፣ ወረቀቱን እንደገና ስትሥል፣ እኔም ግራ የተጋባሁ መስዬ ሁለት ሳምንት በላሁ። እንደዚያ ሁለት ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይኼን ስናገር አፍራለሁ፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ረመዷን ገባ። ቅዳሜና እሁድን ውርጌሳ ውላ ሰኞ ስትመጣ ፊቷ ልክ አልነበረም። ከአውቶቡስ የወረደ ባለነጭ ቆብ ሽማግሌ ማዶ ተቀምጦ ውሃ ሲጠጣ አባቷ አይተው ቴምራቸውን ጎርሰዋል። ሰውየው መንገደኛ ነበር፤ ለመንገደኛ ማፍጠር ይፈቀዳል። ፀሐይ ግን ገና አልገባችም ነበር።

"ሌላ ቀን ጾሜ ቀዷ አወጣዋለሁ አሉ፤ ግን አለቀሱ" አለችኝ። "ወላሂ፣ ትንሿን ስክሪን ሰቅለንላቸው ቢሆን ኖሮ።"

ኮምፒውተሩን ሳብኩና ረድፉን ወደ ዓምድ ቀየርኩት። ወንበሬን እንኳ ሳላሞቅ አለቀ። "መግሪብ" የሚለው ቀጥ ብሎ ቆመ። ስክሪኑን አየች፤ እኔን አየች።

"ታውቀው ነበር?"

ስክሪኑን ከሽቦው ነቅዬ በጨርቅ መጠቅለል ጀመርኩ።

በማግስቱ ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ፀሐይ ስትገባ የስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃን በራ። አባቷ ተነሥተው ጣታቸውን ፊደሉ ላይ እያስኬዱ አነበቡና ቴምራቸውን አነሡ። "ማነው የሠራው?" አሉ። እሷ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ፣ አስፋልቱ ማዶ እስኪሰማ ድረስ "እሱ ነው፣ አባ። ለርስዎ ብሎ እንቅልፍ አጥቶ ነው የጨረሰው" አለቻቸው።

አባቷ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ዱዓ አደረጉልኝ፤ አላህ ጤና ይስጥህ፣ ሥራ ይስጥህ፣ የወደድካትን ይስጥህ። እሷም አሚን አለች፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። ከዚያ በኋላ እስክንመረቅ ያናገረችኝ ለሥራ ብቻ ነበር።

አባቷ ከለመኑልኝ ከሦስቱ ሁለቱ ደርሰውልኛል።