«ነይ፣ አያምም» ያልኳት እህቴ

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ አፍንጫዋን መሀል ለመሀል ተበስታ፣ ቀለበት አንጠልጥላ ፍኖተ ሰላም ቤቴ ስትገባ ሳላስበው ጮህኩ።

«እምዬ፣ ምን ሆኑ? አላመመኝም እኮ!» አለች ደንግጣ።

የበሳትን ልጅ በስልኳ አሳየችኝ። ጓንት አጥልቆ፣ አፉን ሸፍኖ፣ ሆድ የሚቀድ ሐኪም መስሏል።

ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት።

በስልሳዎቹ መጀመሪያ ማንኩሳ አጠገብ ገጠር ነበርን። እኔ ዘጠኝ፣ ታናሽ እህቴ ውዴ ሰባት ዓመታችን ነው። ለጥምቀት ሎቲ እንድናደርግ እናታችን ጆሮ የምትበሳ ጎረቤት ጠራች።

እኔ በሎሚ እሾህ ተበሳሁ፤ ቀዳዳው እንዳይደፈንም ክር ገባልኝ። ውዴ አይታ ጎተራ ሥር ተደበቀች።

«ነይ፣ አያምም» ብዬ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ብቻዬን መታመም ስላልፈለግሁ ዋሸኋት።

በዚያው እሾህ በሷት። የእኔ ጆሮ ደረቀ፤ የእሷ መገለ። በሳምንቱ መንጋጋዋ ተቆለፈ፤ ጠበል እንኳ አልወርድላት አለ።

አባታችንና ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ሐኪም ፍለጋ ወጡ። ሳይደርሱ መንገድ ላይ አረፈች።

እናቴ ከቀብር ስትመለስ ክሩን ከጆሮዬ በጥሳ ጣለችው።

የልጅ ልጄ አለቀሰች። እኔም ውሃ አፍልቼ፣ ጨው በጥብጬ አፍንጫዋን አጠብኩላት።

በእናንተም ቤት እንዲህ የቀረ ልጅ ካለ ስሙን ከሥር ጻፉልኝ። ውዴ ፎቶ የላትም፤ ስሟንም ተጽፎ ሳየው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።