የተገለበጠችው መርከብ

ሐማዱ በባሕር ዳሯ መንደር በበይሉል ሳለ ገና ጢም ሳያበቅል ባሕር ሊውጠው ነበር። ከአባቱ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ በወጣበት ቀን፣ ነፋስ ሸራቸውን ቀዶ ጀልባዋን ወደ የመን ገፋት። ውሃቸው አለቀ። አባቱ መቀመጥ ሲያቅታቸው፣ የሰሜኗን ኮከብ ከቀኝ ትከሻህ አታርቃት አሉት። እሳቸው ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። እሱ ወደ ምዕራብ እየቀዘፈ የአገሩ አሸዋ ላይ ወጣ።

እኔ ሳውቀው አሰብ ወደብ ክሬን ነጂ ነበር፤ እኔ ኤሌክትሪኩን እሠራለሁ። ከአንድ ጣሊያን የቀረች የናስ የሩቅ ማያ መነጽር ነበረችው። ጭራ ያለው ኮከብ ይመጣል በተባለበት በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ግን አነሰችበት። ያን ሰሞን የአንድ ግሪክ መርከብ መካኒክ፣ ሰማይም የድሮ ዕቃም የሚወድ ሰው፣ ሁለት ቴሌስኮፕ አውጥቶ አንዱን በናሷ ልለውጥህ አለው። መርከቡ በማግሥቱ ይሄዳል።

አንዱ ረጅም ነው፤ ግርጌው ላይ ሰፊ መስታወት አለው፣ አፉ ክፍት ነው። ሌላው መስታወትና ሌንስ የተጣመሩበት፣ እንደ ከበሮ አጭርና ወፍራም፣ አፉም በሌንሱ የተከደነ ነው። ረጅሙን ውሰድ አልሁት፤ ብዙ ብርሃን እንደሚሰበስብ ዛሬም አልክድም። እሱ አልቸኮለም። ሲመሽ የመጀመሪያዋን ኮከብ በሁለቱም ሆን ብሎ አደብዝዞ አያት። ብርሃኗ ተበትኖ የሠራቸው ክቦች በአጭሩ እኩል ሆነው ታዩ፤ በረጅሙ ጎበጡ። የረጅሙን መስታወት ጨው ነክሶታል፤ የአሰብም አየር ለክፍት አፍ አይራራም። አጭሩን መረጠ።

መካኒኩ ምስል የሚያቃና ትንሽ መስታወት መረቀለት። ያለሷ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ይታያል። ሐማዱ ግን መስታወቷን መለሰለት።

«አንተ ሰው፣ ጨረቃን በአናቷ አቁመህ ልታያት ነው?» አልሁት።

ኮከብ ራስም እግርም የለው ብሎ ሳቀ።

የሌሊት ፈረቃችንን ጨርሰን ጠዋት ስንወጣ የበሩ ጥበቃ አለቃ፣ መቶ አለቃ መርሻ፣ ዕቃውን አስፈታን። ያኔ በጦር መርከብ አቅራቢያ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የተገኘ ሰው ቤቱ ላይመለስ ይችላል። ማን ላከህ፣ የማንን መርከብ ልትቆጥር ነው አለው። ከዚያ ወደ ባሕሩ አዙረው ብሎ አዘዘ። ሐማዱ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አስተካከለለት። መቶ አለቃው ዓይኑን ደቅኖ ወደቡ ላይ የቆመችውን የጦር መርከብ አየ።

«ምሰሶዋ ቁልቁል ነው» አለ በመጨረሻ።

«እንዲህ ነው የሚያሳየው፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

መርሻ በመነጽር ሲያነጣጥር የኖረ መድፈኛ ስለነበር ምን እንደጎደለ ያውቃል። ያቺን የምታቃና መስታወት ፍለጋ ሣጥኑን፣ ኪሳችንን፣ የሐማዱን ሽርጥ መቀነት ሳይቀር አስፈተሸ። አልተገኘችም።

«ሰላይ ብትሆንም የምትረባ አይደለህም። ሂድ» አለው።

መንገድ ላይ፣ ፍተሻውን አስቀድመህ አውቀህ ነው ወይ የመለስሃት ብዬ ጠየቅሁት። አይደለም አለኝ።

«ከባሕር ያወጣችኝ ኮከብ ናት። እሷን የማይበት ዓይን ተቃንቶ ሰው ማደኛ እንዳይሆን ብዬ ነው። ትልቁ ነገር ይኸው ነው፣ ወንድሜ፤ የቀረው የመስታወት ስፋት ነው።»