ጠማማውን ኮከብ ፍለጋ

«በበዓል ሰሞን አንቺን የቻሉሽ እሳቸው ብቻ ነበሩ» አለችኝ እናቴ፣ ፊት ለፊት።

አያቴን፣ አባባን ማለቷ ነው፤ እውነቷን ነው። ገና ሲቃረብ ጾሙ፣ ዮርድብሩ ያለው የመጋዘን ሥራዬና በዚህ በሰው አገር ክረምት ገና ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት የሚጨልመው ቀን ተደራርበው ነገረኛ ያደርጉኛል። አባባ ግን አይመክሩኝም ነበር። ኮቴን ይዘው በር ላይ ይቆሙና «ነይ፣ መስኮት እንይ» ይሉኛል። የሰፈራችንን የአልቢን ሕንጻዎች እየዞርን፣ ሰዉ ለገና መስኮቱ ላይ ከሚሰቅለው የወረቀት ኮከብ ጠማማውን እንፈልጋለን።

«ይኼ ሰውዬ ከሚስቱ ጋር እየተጨቃጨቀ ነው የሰቀለው» ይላሉ።

ከሳቅኩ ወደ ቤት፣ ካልሳቅኩ ወደ ሌላ ሕንጻ። አንዴ ብርዱ ሲብስብኝ አውቄ ሳቅኩ። «የውሸት ነው፤ እንቀጥል» ብለው ሌላ ሦስት ሕንጻ አዞሩኝ።

ዘንድሮ ያለ እሳቸው የመጀመሪያው ገናችን ነው። ኮታቸው የሚሰቀልበት ማንጠልጠያ ባዶ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከእናቴ ጋር በረባ ባልረባው ስንነታረክ ዋልን። አሁን የምትከትፈውን ሽንኩርት ትታ ማንጠልጠያውን ታያለች። ኮቷን ይዤ በር ላይ ቆምኩ።

«ነይ እማዬ፣ መስኮት እንይ።»

«ድስቱስ?»

«ምድጃውን አጥፊው።»

ኮቷን ለበሰች፤ ወጣን።