ቆዳ የለበሰው ባሌስትራ

ሥራ ማቆም ፈልጌ ነበር። መኪና ሥር መግባት ካስጠላኝ ቆይቷል፤ እዚህ ስዊድን፣ ቬሊንግቢ ያለችው ጋራዣችን ደግሞ በክረምት አጥንት ድረስ ትበርዳለች። ግን ለጋሼ ማን ይንገራቸው? ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት መዋል አይሆንላቸውም፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብቻቸውን መሥራትም አይችሉም። እኔ ከተውኩ ጋራዡ ይዘጋል። አንድ ቀን ፈራ ተባ እያልኩ ነገሩን ባነሳው፣ «ፔንሾን፣ ጡረታ ምናምን፣ ለስዊድኖች ነው» ብለው ዘጉኝ። ስለዚህ ይቺን የያዝናትን አሮጊት መኪና ጠግነን ጨርሰን ቁርጡን እነግራቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

መኪናዋ ሰው ገና ከፈረስ ጋሪ በወረደበት ዘመን የተሠራች ናት። የኋላ ባሌስትራዋ፣ ክብደቷን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት፣ እየተሰበረ አስመረረን። ጋሼ በተደራረቡት ብረቶች ላይ አንድ እንጨምር አሉ፤ አገር ቤት ከልክ በላይ ለሚጭን መኪና እንደምናደርገው።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ጤፍ አትጭንም።»

«ዝም ብለህ አምጣ!»

አመጣሁ። ከእሳቸው ጋር ከመጨቃጨቅ ብረት መሸከም ይቀላል። ብዙም ሳትሄድ፣ የጨመርነው ብረት ጫፉ ካረፈበት ላይ ዋናው ብረት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ጋሼ ስባሪውን አንስተው ጥግ ወረወሩት።

ለካ ድሮ የነበሩት ሰዎች ባሌስትራ የሚያሰነብቱት በማወፈር አልነበረም። ብረቶቹ እንዲንሸራተቱ ግራሶ ይቀቡና ውሃና አሸዋ እንዳይገባ ቆዳ ያለብሷቸዋል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ዝገት ከበላው ቦታ ነዋ። ዋናውን ብረት አዲስ አሠራን። የብረቶቹን ስል ጫፍ በሞረድ አለዘብኩ፣ ጋሼ ግራሶ ቀቡ፤ ከዚያ እሳቸው ቆዳውን ወጥረው ይዘው እኔ በወስፌ ሰፋሁ። እንዴት ደከመኝ!

ባለመኪናው ራሱ እየነዳ በአሮጌው ከተማ ድንጋይ ንጣፍ ላይ አዞረን። ጋሼ ከኋላ ተቀምጠው ጆሯቸውን አቁመዋል። ባሌስትራው ሲጥ እንኳ አላለም። ጋራዥ ስንመለስ ሰውዬው በጣም ተደስቶ፣ መኪናዋ እስከ በጋ እኛ ጋ ትቆይ ብሎ ሄደ።

ጋሼ አጎንብሰው ቆዳውን ዳበሱት። «ይሄ ከእኛም በኋላ ይኖራል» አሉ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲህ ነገ ምን ልሠራ እመጣለሁ?» አሉ ጋሼ።

ቁርጡን መናገሪያዬ ያ ነበር። በሳቸውም በራሴም ተናደድኩ፤ አንጀቴንም በሉት።

«የፊት ባሌስትራዎቹስ ጋሼ? እነሱንም ቆዳ እናልብሳቸው እንጂ» አልኩ።

የፊቶቹ ምንም አልሆኑም። ይህን ጋሼ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ቀና ብለው ትንሽ አዩኝና፣ «ታዲያ ምን ይገትርሃል? ክሪኩን አቅርብ!» አሉኝ።