መልሶ ያጠበቀው ቫልቮላ

ጎሚስታው ሃያ ሦስት ዓመት ጎማ ሲፈታና ሲያስር እጁ እንደ ጎማው ጠቁሯል። ጠዋት መለኪያው መቶ እስኪያሳይ የነፋውን የጭነት መኪና ጎማ፣ ቀትር ላይ አስፋልቱ ሲግል መልሶ ሲለካው መቶ አሥራ አምስት ያገኘዋል። ማንም አየር አልጨመረበትም። የታፈነ አየር ሲሞቅ ያፈነውን እንደሚገፋ ያወቀው ከዚህ ነው። ስለዚህ እሳት የያዘ ሰው ወደ ጎማ ሲጠጋ ባየ ቁጥር፣ የአየር መግቢያዋን ትንሽ መዝጊያ እያሳየ "ቫልቮላውን ፍታ!" ይላል። ሰፈሩም ስሙን ትቶ "ቫልቮላው" ይለዋል። ይህን ስም ያወጣለት እዚያው ግቢ ብየዳ የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ነው።

አንድ ቀን አንድ ሾፌር ቸርኬው የተሰነጠቀ ጎማ አንከባልሎ መጣ። ጎማውን ከቸርኬው ማላቀቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ሾፌሩ ደግሞ ቸኩሏል።

"እንዳለ እበይድልሃለሁ" አለ ወንድምየው። አየሩን አስተነፈሰው። ከዚያ አቧራ እንዳይገባ ብሎ ቫልቮላውን መልሶ አጠበቀ።

ጎሚስታው አፉን ሊከፍት ሲል ወንድሙ ቀደመው።

"መጣ ደግሞ! ጋሼ፣ ሚስትህ እኮ ጥላህ የሄደችው በእንቅልፍህም ቫልቮላ እያልክ ብትነዘንዛት ነው።"

ሾፌሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጎሚስታው ፊቱ ጋለ። ጎማው ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም፤ ውስጡ የቀረው አየር ከላስቲኩ ጭስ ጋር ይግላል፣ መውጫውም ተዘግቷል። ይህን ያውቃል። "ትንሽ ይደንግጥ" አለ በሆዱ፣ "አንዴ ጎማው ይጩኽበትና አደብ ይግዛ።" ጀርባውን ሰጥቶ መፍቻ መጥረግ ያዘ።

"ምነው ዛሬ ዝም አልክ? ተኳረፍን እንዴ?" አለው ወንድሙ ከብየዳ መነጽሩ ስር እየሳቀ።

ጎሚስታው ሌላ መፍቻ አንስቶ መጥረጉን ቀጠለ።

ብየዳው ስምንት ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ ጎማው ፈነዳ፤ የቸርኬው ቀለበት ተፈናጥሮ የበያጁን ደረት መታው። ጎሚስታው ደርሶ መነጽሩን ሲያነሳለት ዓይኑ ተከፍቶ ነበር፤ አያይበትም እንጂ።

ከቀብር መልስ እናታቸው የጎሚስታውን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

"አንተ ሁሌ ትነግረው አልነበር? ያን ቀን ምን ነካህ?"

ሾፌሩ ከጥግ ቀና ብሎ አየው።

"ነገርኩት እማዬ። አልሰማ አለኝ።"

ሾፌሩ መልሶ አቀረቀረ።

ትንሹ ልጇ የታላቁን ምክር ንቆ በጥጋቡ እንደሞተ እናትየው እስከ ዛሬ ለመጣው ሁሉ ትናገራለች። ጎሚስታውም አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል።